ምዕራፍ 4፦ በጓዳ ያለውን ሰው መቁጠር

ቻርልስ ቤክ የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም ሲዘዋወር መርጡለ ማርያም ደረሰ። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያሠራችው፣ ከመቶ ዓመት በኋላም የካቶሊክ ሚሲዮናውያን እንደገና የገነቡት ቤተ ክርስቲያን በዚያ ጊዜ ፍርስራሽ ነበር። ቤክ የግንቡን ቁመና፣ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለውን ጌጥ አይቶ መዘገበ። ስለ ፍርስራሹ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1847 ለንደን ውስጥ ታተመ። ከእርሱ በኋላም ሌሎች እየመጡ ለክተዋል፣ ነድፈዋል፣ ጽፈዋል።

ድንጋዩ እንዲህ ሲለካ፣ በደብሩ ዙሪያ ባሉት ቤቶች ውስጥ የሚኖረው ሰው የአእምሮ ሕመም ግን ለካኝ አላለም፤ የሚለካውም አልመጣም። በደጋው የተኮለኮሉትን የሣርና የቆርቆሮ ጣራዎች ከደብሩ ኮረብታ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ቀላል የሚመስል ጥያቄ አለ። ከእነዚህ ጣራዎች ሥር ስንት ሰው አእምሮው ታሟል? ይህ ምዕራፍ ይህን ጥያቄ ለመመለስ በአገራችን ስለተደከመው ድካም ነው። ጥያቄው የቁጥር ይምሰል እንጂ መልሱ የሰው ሕይወት ነው፤ ያልተቆጠረ በሽተኛ ሐኪም አይመደብለትም፣ መድኃኒት አይገዛለትም፣ ሲሞትም በምን እንደሞተ አይጠየቅለትም።

ቃሬዛና ጓዳ

በገጠራችን እግሩ የተሰበረ ሰው ብቻውን አይቀርም። ጎረቤት ይጠራራል፣ ቃሬዛ ይታሰራል፣ ጎልማሳው እየተፈራረቀ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል። ምጥ የጠናባትም እንደዚሁ ናት። አእምሮው የታመመ ሰው ግን ቃሬዛ አይወጣለትም፤ ወደ ጓዳ ይገባል። እንግዳ ሲመጣ በሩ ይዘጋል። ምግቡ በጎን ይገባለታል። የእህቱ ጋብቻ እንዳይበላሽ፣ ዘር እንዳይነካ፣ ስም እንዳይነሣ እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ።

ይህን የምለው ከሰማሁት ብቻ አይደለም። ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች 178 ዘመዶች ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ባለችው በቡታጅራ ገጠር ተጠይቀው ነበር። ከአራቱ ሦስቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ተናገሩ። ከሦስቱ ከአንዱ የሚበልጡት ደግሞ ሕመሙ እንዳይታወቅ መደበቅ እንደሚፈልጉ ገለጹ። እነዚህ ደንታ ቢስ ሰዎች አይደሉም። የሚወዱትን ሰው ከሰው ዓይን ለመጠበቅ የሚሞክሩ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች ናቸው። ቆጣሪው በመጀመሪያ የሚገጥመው ቅጥር የእነርሱ ፍቅርና ፍርሃት ነው።

ታዲያ የሆስፒታል መዝገብ ገልጦ መደመር አይቀልም ወይ? አይበቃም። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የኖረው አዲስ አበባ ላይ ነው። ከመርጡለ ማርያም ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ የአባይን በረሃ መሻገር፣ የመንገድና የማደሪያ ገንዘብ መያዝ፣ አብሮት የሚሄድ ጎልማሳ ከእርሻው መነጠል ያስፈልጋል። የሆስፒታል መዝገብ የሚነግረን ማን እንደደረሰ ነው። ማን እንደታመመ ለማወቅ ግን በየቤቱ መሄድ ግድ ነው።

በየቤቱ የሚሄደው ሙያ ኤፒዴሚዮሎጂ ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን በሕዝብ ላይ ያለውን ነገር መመርመር ማለት ነው። ሐኪም አንድ ሰው ፊቱ አስቀምጦ "ምን ያምዎታል?" ይላል። የኤፒዴሚዮሎጂ ባለሙያ ደግሞ አንድ ሙሉ ወረዳ ፊቱ አስቀምጦ "ማን ታመመ? ማን ዳነ? ማን ሞተ? ለምን እነዚህ ሆነው ሌሎቹ ሳይሆኑ ቀሩ?" ብሎ ይጠይቃል።

በር ያንኳኩት

በኢትዮጵያ ስለ አእምሮ ሕመም ይህን መጠየቅ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረባው ቫን ላይክ ጋር በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ ያደረገውን ዳሰሳ እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተመ። ትልቁ ሥራ ግን የተሠራው ከዚያ በኋላ፣ በቡታጅራ ነው።

በመጀመሪያ የተቆጠረው የሚጥል በሽታ ነበር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠር 60,820 ሰዎችን ቤት ለቤት ፈትሸው 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች አገኙ፤ ከ1000 ሰው 5 ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱት ከ100 ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ ዘመናት ያስቆጠረ ነው፣ ይሠራል፤ በሽተኞቹ ጋ ግን አልደረሰም።

እ.ኤ.አ. በ1986 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮጀክት አቋቋሙ፤ ልደትና ሞት በየቤቱ እየተመዘገበ ሕዝቡ በቋሚነት መቆጠር ጀመረ። ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለም፣ ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመሩት የአእምሮ ሕመም ጥናትም በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው። መጠይቅ የያዙ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁ ወጣቶች ሠልጥነው በሜዳና በተራራ ተበተኑ። ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 68,378 ሰዎች ተጠየቁ። በዓለም ላይ እንኳ ይህን ያህል ሰው ቤት ለቤት የጠየቀ የአእምሮ ሕመም ጥናት በጣት የሚቆጠር ነው።

የተገኘው መልስ እንዲህ ነው። ስኪዞፍሬኒያ፣ ማለትም ሰው ያልተነገረውን የሚሰማበት፣ ያልሆነውን እንደሆነ አምኖ የሚጸናበት፣ ከሰው ተለይቶ የሚቀርበት ብርቱ ሕመም፣ ከ1000 ሰው በ5 ገደማ ላይ ተገኘ። ባይፖላር፣ ማለትም አንዴ ከልክ ያለፈ ደስታና ጉልበት፣ አንዴ ደግሞ ጥልቅ ሐዘን የሚፈራረቁበት ሕመምም እንደዚሁ ከ1000 በ5 ያህል። ይህን ይዘን ወደ ጎጃም ደጋ እንመለስ። የቡታጅራው ልክ እዚህም የሚሠራ ከሆነ፣ በዚህ ዕድሜ ያሉ 10 ሺህ ሰዎች በሚኖሩበት አካባቢ ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ፣ ሌሎች 50 ያህል ባይፖላር ይኖርባቸዋል። በገበያ ቀን የምናየው አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ፣ የቀሩት ከዘጠና በላይ የሚሆኑት የት ናቸው?

ጥናቱ ያመጣው ከዚህ የሚብስ ዜናም አለ። ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች ከ10 ዘጠኙ ከዚያ ቀን በፊት አንድም ጊዜ ዘመናዊ ሕክምና አላገኙም። ደግሞም ከ5 ታማሚዎች ከ4ቱ በላይ ወንዶች ሆኑ። በሌላው ዓለም የወንዱና የሴቷ ቁጥር ይህን ያህል አይራራቅም። ሴቶቻችን ከሕመሙ ተርፈው ነው? ወይስ የታመመች ሴት ከታመመ ወንድ ይልቅ ከጓዳ ሳትወጣ፣ ሳትታይ ትቀራለች? የጥሩ ቆጠራ አንዱ ጠባይ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይዞ መምጣቱ ነው።

የእንስራው ምሥጢር

ከቁጥር ጋር ለተያያዘ ስሕተት ሁላችንም የቀረብን ነን፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ እንስራ ውኃ አስቡ። በውስጡ ያለው ውኃ ዛሬ በሕመም ላይ ያሉት ሰዎች ቁጥር ነው። በአፉ የሚፈሰው በዚህ ዓመት አዲስ የታመሙት ናቸው። ውኃው የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ የዳነ ሰው ይወጣል፣ ወይ የሞተ ሰው ይወጣል።

እንግዲህ እንስራው ጎደሎ ሆኖ ብናገኘው ምን እንላለን? "እሰይ፣ በእኛ አገር የአእምሮ ሕመም ትንሽ ነው" ለማለት ያጓጓል። ነገር ግን እንስራው የጎደለው ሰዎች ቶሎ ስለዳኑ ነው ወይስ ቶሎ ስለሞቱ? ውኃውን በማየት ብቻ ይህን ማወቅ አይቻልም። የሚወጣውን መከታተል ያስፈልጋል።

ቡታጅራ ላይ ተከታተሉት። አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቹ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ተከትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳተሙ። 121ዱ ሞተው ነበር፤ ይህም ከአካባቢው ሕዝብ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ሟቾቹ በአማካይ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው ነው የሞቱት። ብዙ ሰው ራሳቸውን አጥፍተው ይሆናል ብሎ ይገምታል፤ እንዲህ የሞቱም አሉ። ግማሽ ያህሉን የገደለው ግን ተላላፊ በሽታ ነው። አእምሮው የታመመ ሰው ሳል ሲይዘው፣ ትኩሳት ሲያነደው "ያው እብደቱ ነው" ተብሎ ሳይታከም ይቀራል። በራብም፣ በብርድም፣ በመንገድ ላይ በመውደቅም ሰውነቱ ይደክማል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ናይጄሪያንና ህንድን ጨምሮ በ9 አገሮች ባስጀመረው ጥናት በታዳጊ አገሮች ያሉ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች በሀብታም አገሮች ካሉት የተሻለ ያገግማሉ የሚል ውጤት ተገኝቶ ነበር። ዘመድ አዝማዱ፣ ሰፊው ቤተሰብ፣ የእርሻው ሥራ ይይዛቸዋል ተባለ። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደስ የሚል ወሬ ነው፤ የመተሳሰብ ባህላችንን ያመሰግናል። የቡታጅራው ክትትል ግን ሌላ ነገር ነገረን። ከተከታተሏቸው ታማሚዎች ከ3ቱ አንዱ ያህል ያለማቋረጥ ታመው ከረሙ፤ ለአብዛኛው ጊዜ ደኅና ሆነው የቆዩት እጅግ ጥቂት ናቸው። ቤተሰብ ታላቅ ነገር ነው፤ ያለ መድኃኒት ግን ብቻውን አይችልም። ይህን እውነት የነገረን ስሜታችን ሳይሆን ለዓመታት በር ሲያንኳኳ የኖረ ሰው ነው።

"የለም" የተባለው ሕመም

እ.ኤ.አ. በ2004 ከታተሙት ጥናቶች ሁለቱ እንግዳ ነገር ይዘው መጡ። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች በተነጠለ ኅብረተሰብ መካከል በተደረገው ጥናት ባይፖላር ከ100 ሰው ወደ 2 በሚጠጋ ሰው ላይ ተገኘ፤ ከቡታጅራው ከፍ ያለ ነው። በቦረና ከብት አርቢዎች መካከል 1,854 ሰዎች ተጠይቀው ደግሞ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት አንድም ሰው አልተገኘም።

አንድም ሰው! የዓለም ጤና ድርጅት ስኪዞፍሬኒያ በዓለም ላይ ከ300 ሰው አንዱን እንደሚይዝ፣ በጠቅላላው 24 ሚሊዮን ሰዎች እንዳሉበት ይገምታል። ታዲያ ቦረና ምን ልዩ ነገር አላት? ተሾመ ሽብሬ፣ ሰለሞን ተፈራና ባልደረቦቻቸው ተመልሰው ሄዱ። አሁን ግን መጠይቁን ይዘው ከደጅ ወደ ደጅ መሄዱን ብቻ አልተማመኑበትም። ከአገር ሽማግሎችና ሕዝቡን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ተቀምጠው ሕመሙን በቦረናው ቃል ጠየቁ። ቦረናዎቹ "ማራታ" የሚሉት ሕመም አለ። "ማራታስ አለ ወይ?" ሲባሉ "አለ እንጂ" አሉና ወደ ታማሚዎቹ መሯቸው። ሕመሙ ከመጀመሪያውም ነበረ። የቀደመው ጥናት ያላየው ታማሚዎቹ በመጠይቁ ሰዓት ቤታቸው ስላልነበሩ፣ ቢኖሩም ለመጠይቁ ስላልተመቹ፣ ጥያቄውም በእነርሱ አባባል ስላልተጠየቀ ይመስላል።

በቡታጅራም ተመሳሳይ ትምህርት ተገኝቷል። መጠይቁን ይዞ በየቤቱ መሄድና የሰፈሩን አዋቂዎች "እዚህ አካባቢ የታመመ ማን አለ?" ብሎ መጠየቅ የተለያየ ሰው ያመጣሉ። ጎረቤት የሚያውቀው ራቁቱን የሚሄደውን፣ ብቻውን የሚያወራውን፣ የሚሳደበውን ነው። በምድጃው ጥግ ተቀምጣ ያለ ዕንባ የምታለቅሰውን ግን አያውቃትም። እርሷን የሚያገኛት ራሷን ቀርቦ የጠየቃት ብቻ ነው። ስለዚህ በደንብ የሚቆጥር ሰው ሁለቱንም ያደርጋል፤ የእድሩን ዳኛ ይጠይቃል፣ የጓዳውንም በር ያንኳኳል።

ከፋኝ፣ ሆዴ ባሰኝ

ድባቴ የሚለው ቃል ዛሬ በሬዲዮና በጤና ተቋም የተለመደ ነው። በጎጃም ገጠር ያለች እናት ግን "ድባቴ ይዞኛል" አትልም። "ከፋኝ" ትላለች፤ "ሆዴ ባሰኝ"፣ "ልቤን ያቃጥለኛል"፣ "ራሴን ይወቅረኛል"፣ "እህል አልወርድ አለኝ" ትላለች። ሐኪሙ ራስ ምታት ብሎ ማስታገሻ ይጽፋል፤ ጨጓራ ብሎ ሽሮፕ ይሰጣል፤ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በኢትዮጵያ ገጠር ጤና ጣቢያዎች በተደረገ ጥናት የጤና ባለሙያዎቹ ድባቴ ካለባቸው ከ100 ታካሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ሳያውቁ አልፈዋቸዋል። ይህ የሚያሳየው የባለሙያውን ክፋት አይደለም። የእናቲቱ ቃልና የመጽሐፉ ቃል ሳይገናኙ መቅረታቸውን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ "አዎ" ወይም "አይ" የሚባሉ 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ወደ አማርኛ ሲመለስ ዋናው ፈተና ይኸው ነበር። ቃሉን እንዳለ መገልበጥ አይበቃም፤ ጠያቂው ሰውየው በራሱ አነጋገር ሕመሙን የሚገልጽበትን መንገድ ማወቅ አለበት። አታላይ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቡታጅራ 10,468 አዋቂዎችን ባስጠየቀበት ጥናት ከ100 ሰው ከ3 በላይ የሚሆኑት በሕይወታቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደነበር ተናግረዋል። በእኛ ባህል ይህ ለነፍስ አባት እንኳ በጭንቅ የሚነገር ነው። ሰው በአክብሮትና በቋንቋው ሲጠየቅ ግን ይናገራል።

አብሾ ጠጣ

ጎጃም የቅኔ አገር ናት። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲባል የማያውቅ የለም። ከየአገሩ የመጣ የቆሎ ተማሪ በየደጁ እየለመነ ቅኔ የሚቀኝበት ምድር ነው። በዚህ ምድር አንድ ተማሪ አእምሮው ሲናወጥ የሚሰጥ የተለመደ ማብራሪያ አለ፤ "አብሾ ጠጥቶ ነው።" ትምህርት ይገለጥለት ዘንድ የጠጣው መድኃኒት ከልክ አልፎበት፣ ወይም ሥርዓቱን ሳይጠብቅ ጠጥቶት ነው ይባላል።

ይህን ነገር በንቀት ማለፍ አይገባም። በአካባቢያችን አእምሮን የሚያናውጡ ዕፅዋት በእርግጥ አሉ። አስተናግር የምንለው ተክል፣ ስሙ እንደሚለው፣ የበላውን ሰው ያለቅጥ ያናግረዋል፤ በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉበት። የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ አፍ ያደርቃል፣ የሌለ ነገር ያሳያል፤ ሊገድልም ይችላል። ነገር ግን የተረፈ ሰው በቀናት ውስጥ ይለቀዋል። ለወራትና ለዓመታት የሚቆይ ሕመም ሌላ ነገር ነው።

የኤፒዴሚዮሎጂ ባለሙያ እዚህ ላይ አንድ ቀላል ጥያቄ ያነሣል፤ የቅኔ ተማሪ ዕድሜው ስንት ነው? አብዛኛው ከ15 እስከ 25 ባለው ነው። ስኪዞፍሬኒያስ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በስንት ዓመት ነው? በዚያው ዕድሜ! ስለዚህ አንድ ተማሪ አብሾ ቢጠጣም ባይጠጣም፣ ቅኔ ቤት ቢገባም እርሻ ላይ ቢቀርም፣ ሕመሙ ሊመጣበት የሚችልበት ጊዜ ያ ነው። ሁለት ነገር አንድ ላይ መታየቱ አንዱ የሌላው ምክንያት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ለማወቅ የጠጡትን ካልጠጡት፣ ቅኔ ቤት የገቡትን ካልገቡት እኩዮቻቸው ጋር ማነጻጸር ያሻል።

"አብሾ ጠጣ" የሚለው ፍርድ ትልቁ ጉዳቱ ጥያቄውን መዝጋቱ ነው። ጥፋቱ የራሱ ነው ይባልና መድኃኒት የሚፈልግለት ይጠፋል።

ጎረቤትን ማነጻጸር፤ የጎጃም ምሳሌ

እንዲህ ያለው ማነጻጸር በዚሁ በጎጃም ተሠርቷል። በቀዩ የደጋ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲሄድ የኖረ ገበሬ እግሩ አብጦ፣ ቆዳው ጠጥሮ፣ ቁስሉ እየሸተተ ይሠቃያል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። በእሳተ ገሞራ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው የሚያመጡት ሕመም ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ያም ሆኖ ታማሚው ከማዕድ ይለያል፣ ከማኅበር ይርቃል፣ ትዳር ይነፈጋል።

ተመራማሪዎች በደንበጫ ወረዳ ዝሆኔ ያለባቸውን 346 ሰዎችና ሕመሙ የሌለባቸውን 349 ጎረቤቶቻቸውን ስለ ጭንቀታቸው ጠየቁ። የተነጻጸሩት ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንድ ዝናብ የሚዘንብላቸው፣ አንድ ገበያ የሚወጡ፣ በአንድ ደብር የሚያስቀድሱ። የዝሆኔ ታማሚዎቹ ጭንቀት ከፍ ብሎ ተገኘ። በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር እ.ኤ.አ. በ2014 በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከዝሆኔ ታማሚዎች ከ100 ወደ 13 በሚጠጉት ላይ የድባቴ ምልክት ሲታይ፣ ከጎረቤቶቻቸው ከ100 አንድ እንኳ አልሞላም።

ይህን ቁጥር አስቡት። እነዚህ ሰዎች ድባቴ የያዛቸው ዛር ስለወረደባቸው፣ ደግሞም ዘራቸው ስለተበላሸ አይደለም፤ እግራቸው ስለታመመና ሰው ስለራቃቸው ነው። እግሩን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ጫማ ማድረግ ሕመሙን ያስታግሰዋል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች በተሳተፉበት ሙከራ እንዲህ ያለው እንክብካቤ እግር የሚያሳብጠውን አጣዳፊ ትኩሳት ቀንሶታል። አንዳንዴ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አንድ ጥንድ ጫማና አብሮ ማዕድ የሚቀርብ ጎረቤት ነው።

ከቁጥር በኋላ

መቁጠር ብቻውን ማንንም አያድንም። የቡታጅራውም ሥራ እዚያ ላይ አላቆመም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጉራጌ ሶዶ ወረዳ፣ ከህንድ፣ ከኔፓል፣ ከደቡብ አፍሪካና ከኡጋንዳ ወረዳዎች ጋር በተቀናጀ ሥራ፣ የአእምሮ ሕክምናን በተራ ጤና ጣቢያ መስጠት ይቻል እንደሆነ ተሞከረ። የአእምሮ ሐኪም በሌለበት፣ የሠለጠነ ነርስና የጤና መኮንን መድኃኒቱን ሰጡ። ታማሚዎቹ ሕክምናውን ሲጀምሩ ከአራቱ አንዱ ያህል ባለፈው ዓመት ውስጥ ታስረው ነበር። ከ12 ወር በኋላ የታሰሩት ከ10 አንድ ገደማ ብቻ ሆኑ።

ስለ ሰንሰለትም እውነቱን መናገር ይገባል። ልጁን በሰንሰለት ያሠረ አባት ጭካኔ አይደለም የሚነዳው። ልጁ ገደል እንዳይገባ፣ ሰው እንዳይመታው፣ የሰው ቤት እንዳያቃጥል ፈርቶ፣ ሌላ መላ አጥቶ ነው። መላ ሲያገኝ ሰንሰለቱን ይፈታል፤ ሶዶ የመሰከረችው ይህንን ነው።

ጸበልም እንደዚሁ ነው። በአገራችን አእምሮው የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሄደው ጸበል ነው። በቡታጅራ ከተጠየቁት ዘመዶች አብዛኞቹ ተመራጭ ያሉት ሕክምና ጸሎት ነበር። በጸበል ቦታ ታማሚው ከጓዳው ወጥቶ ከሰው ጋር ይውላል፤ ስሙ ይጠራል፤ ተስፋ ይሰጠዋል። ኪኒኑን ከጸበሉ ጋር ማጣላት ለታማሚው አይበጀውም። በአዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪሞችና የጸበል አጥማቂዎች አብረው የሠሩበት ልምድ አለ፤ ታማሚው እየተጠመቀም መድኃኒቱን ሊወስድ እንደሚችል አሳይቷል። በጎጃም ደጋ ጸበል የሌለው አጥቢያ ጥቂት ነው። በየጸበሉ ያሉት ካህናት "መድኃኒትህን አታቋርጥ" የሚል አንድ ቃል ቢጨምሩ የብዙ ሰው ዕድሜ ይረዝማል።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነት መጥቷል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል፣ በጎጃምም የተነሣው ግጭት ብዙ ቤት አጨልሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ከብዙ አገሮች ባሰባሰቡት ማስረጃ ግጭት ባለበት ስፍራ ከሚኖሩ ሰዎች ከ5 አንዱ ከቀላል እስከ ብርቱ የአእምሮ ሕመም አለበት። ግጭት ሲመጣ መንገድ ይዘጋል፣ መድኃኒት ያልቃል፣ በር የሚያንኳኳ ቆጣሪም ይቀራል። ቁጥሩ በሚያድግበት ጊዜ ቆጠራው ይቆማል ማለት ነው። ሰላም ከሁሉ በፊት የምንፈልገው መድኃኒት የሆነው ለዚህም ጭምር ነው።

እስከዚያው ግን እያንዳንዳችን ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የቆጠራ ሠራተኛ ወይም መጠይቅ የያዘ ወጣት ደጅዎ ቆሞ "በዚህ ቤት ስንት ሰው አለ?" ሲል ከጓዳ ያለውንም ይቁጠሩት። "ታማሚ አለን" ማለት ስም ማጥፋት አይደለም። የእድር ዳኛም ከሆኑ፣ የነፍስ አባትም ከሆኑ፣ መምህርም ከሆኑ የሚያውቁትን ቤት ለጤና ጣቢያው ይጠቁሙ። እግሩ ለተሰበረው ሰው ያወጣነውን ቃሬዛ አእምሮው ለታመመውም እናውጣ።